በአንድ ጎኑ የደረቀ ሐረግ

ሲይዙኝ የአንድ መሥሪያ ቤት አጥር እየከረከምኩ ነበር። ሁለት ሆነው መጡ። አንደኛው መቀሱን ከእጄ ተቀበለኝና ለዘበኛው ሰጠው። «ጨርሼ ብሄድስ?» አልኩ። ለቀልድ አልነበረም። ግማሹ የተከረከመ አጥር ግማሽ ራሱን የተላጨ ሰው ይመስላል፤ አላፊ አግዳሚው የሚስቀው በሠራተኛው ነው። አላስጨረሱኝም።

ጥፋቴ ስብሰባ ላይ መናገሬ ነው። ከላይ የመጡ ሰዎች አዳራሽ ውስጥ ሰብስበውን ከጠዋት ጀምረው ሲያወሩ ዋሉና መጨረሻ ላይ «ሐሳብ ያለው?» አሉ። እጄን አወጣሁ። የመጣችሁት ልትጠይቁን ነው ወይስ ልትነግሩን፣ ልትነግሩን ከሆነ ነግራችሁናል፣ እኛም ወደ ሥራችን እንሂድ አልኳቸው። አዳራሹ ሳቀ። ያሳሰረኝ ንግግሩ ሳይሆን ሳቁ ይመስለኛል።

ጣቢያ ደርሰን ቃሌ ነው ብለው የጻፉትን ወረቀት ገፋ አደረጉልኝና የአሻራ ቀለሙን አስከተሉ። አትክልተኛ ስለሆንኩ አውራ ጣቴን ነበር የጠበቁት። «አነበዋለሁ» አልኩ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት፣ የልጄ እኩዮች አጠገብ ተቀምጬ ነው። ስለዚህ አንባቢነቴ ቀርፋፋ ነው። እያንዳንዱን ቃል በጣቴ እየነካሁ ስሄድ እነሱ ሻይ አስመጥተው ጠጥተው ጨረሱ። «ሕዝቡን ለሁከት አነሳስቷል» ይላል። ሕዝቡ ሳቀ እንጂ አልተነሳም አልኳቸው። ያቺም ንግግር አልጠቀመችኝም። ወደ ኋለኛው ክፍል አስገቡኝ።

ክፍሉ የብሎኬት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ። የገባሁ ቀን ዝናብ ይጥል ነበር፤ የቦንጋ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰው አጠገቡ ላለው ሰው እንኳ ጮሆ ካልተናገረ አይሰማም። ስለዚህ ማንም ማንንም አላናገረም፤ እግራቸውን ሰብሰብ ሰብሰብ አደረጉልኝና ተቀመጥኩ። መስኮቱ ከፍ ያለና ጠባብ ነው። አንዱ ጥግ የሽንት ባልዲ አለ። በሩ አመሻሽ ላይ ከተዘጋ እስኪነጋ አይከፈትም። ከባልዲው ወዲያ ማዶ፣ የኋላው ግድግዳ ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ግንበኛው ለወለል እጣቢ መውረጃ የተዋት አንዲት ቀዳዳ ነበረች። ክንድ ታስገባለች። በዚያች ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን አረንጓዴ ነበር። ለምን አረንጓዴ እንደሆነ ወዲያው ነው የገባኝ፤ ከጀርባው ሐረግ አለ ማለት ነው። የፓሽን ፍሬ ቅጠል ፀሐይን እንደዚያ አድርጎ ነው የሚያሳልፋት። እዚያ ቤት ውስጥ መጀመሪያ ያወቅሁት ዘመድ እሱ ነው።

በቀዳዳዋ ሥር የሚተኙት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከጌሻ በኩል፣ ከደካ ነው የመጡት። ያሳሰራቸው፣ የሸሹ ወጣቶች የት እንዳሉ ያመልክቱን ሲባሉ «አላውቅም» ማለታቸው ነው። ያውቁ እንደነበር ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። አማርኛቸው ዝግ ያለ ነበር፤ መጀመሪያ በአገራቸው ቋንቋ በካፊኖኖ አስበውት ነው የሚያወጡት፣ አንድ ትርፍ ቃል የለበትም። አባባ ነው የምንላቸው።

የአባባ ችግር ሽንት ነው። የዕድሜ ነገር፣ ቶሎ ቶሎ ያስነሳቸዋል። መጀመሪያ ባልዲው ያለበት ጥግ ድረስ በጨለማ ሰው እየተሻገሩ ይሄዱ ነበር አሉ። የረገጡትን ሁሉ ይቅርታ እየጠየቁ ሄደው፣ ሲመለሱም ያንኑ ሰው ረግጠው እንደገና ይቅርታ ይጠይቃሉ። የክፍሉ ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ እሱ አስተማሪ ነው፣ ምንም ሳይል አንድ ቀን የአባባን ምንጣፍ አንስቶ ቀዳዳዋ ሥር አነጠፈው። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ ያወራ የለም። ጠዋት ጠዋት ከመታጠቢያ የተረፈች ውሃ ካለች አንዱ ተነስቶ በዚያች ይደፋታል፤ ለምን እንደሚደፋ አይናገርም። እኛ አገር የሽማግሌ ነውር አይታይም። ታይቶም አልታየም ይባላል። ቀዳዳዋን አይተን አናውቅም ነበር።

ሐረጉን የተከለችው የጣቢያው ሳጅን ናት። የዋጫ ልጅ ናት፤ ፍሬውን ከቤቷ አምጥታ፣ ግድግዳው ሥር ዘርታ፣ ሽቦ እስከ አጥሩ ዘርግታ አሳደገችው። ለስላሳ ሰው አልነበረችም። ግን ከፖሊሶቹ መካከል አባባን አንቱ ብላ የምትጠራ እሷ ብቻ ነበረች። አንድ ጊዜ የበሰለ ፍሬ በመስኮት አቀበለቻቸው። አባባ በጥፍራቸው ቀደው፣ በማንኪያ ጫፍ ለእያንዳንዳችን ሰጡን። ለምላስ እንኳ አትበቃም። ሁላችንም ግን በልተናል።

ሌላው ማወቅ ያለባችሁ ሰው ቁልፉ ነው። ስሙን አልናገርም፤ እኛም በስሙ አንጠራውም ነበር። ገና ልጅ የሚባል ፖሊስ ነው። ጠዋት የሚቀሰቅሰን የቁልፉን ዘለላ በብረቱ በር ላይ እያንቀጫቀጨ ነበር፣ ለዚያ ነው ቁልፉ ያልነው። ከቤት የመጣልንን ቆጮ በእንጨት እየወጋ ይፈትሻል። እኔን «ፖለቲከኛው አትክልተኛ» ይለኛል። የገባሁ ሰሞን ሚስቴ ምግብ ይዛ ስትመጣ ተራሽን ጠብቂ ብሎ ዝናብ ላይ አቁሟት፣ ቀሚሷ ከገላዋ ተጣብቆ በመስኮት ተንጠልጥዬ አይቻታለሁ። ያንን ይዤበት ነበር። ሰው እስር ቤት ውስጥ የሚይዘው ነገር ስለሌለው ቂም ይይዛል።

ዝናቡ ቆመ። ለእኛ አገር ረጅም የሚባል በጋ መጣ፤ ቆርቆሮው ቀን ቀን ሲግል ይንጣጣል። ቀስ በቀስ በቀዳዳዋ የሚገባው ብርሃን አረንጓዴነቱ ቀርቶ ቢጫ ሆነ። አየሁት። ምን ማለት እንደሆነም ገባኝ። ዝም አልኩ።

አንድ ጠዋት በሩ ተከፈተና ሳጅኗ ቆማለች። «አትክልተኛው፣ ና እስቲ። አንድ ነገር ታይልኛለህ።»

በጓሮ በኩል ዞርን። የጣቢያው አዛዥ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ቆሟል። ቁልፉም ዘለላውን ይዞ ከኋላችን ነበር። ያንን ግድግዳ ከውጭ በኩል ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ቀዳዳዋ ከውጭ ስትታይ ትንሽ ናት። ከሥሯ ያለው አፈር እንደ ጨው ነጭ ቅርፊት አውጥቷል፤ ሌላው ቦታ ሁሉ ሣር ሲኖረው እዚያች ላይ አንድም አልበቀለም። ሽታውን ነፋስ አድርቆታል፣ ግን አፍንጫውን ለሚያስጠጋ ሰው አለ።

የእኔ አሠራር እንዲህ ነው። ቅጠሉን ቶሎ አልነካም። ሰው ቅጠል ቢጫ ሆነበት እንደሆነ የሚሮጠው መድኃኒት ሊገዛ ነው፤ መድኃኒት ሻጩም የሚሸጠው ያለውን ነው። እኔ መጀመሪያ ራቅ ብዬ ሙሉውን አያለሁ፣ እንግዳ ከሩቅ ሲመጣ አረማመዱ እንደሚታየው። ቀጥሎ ባለቤቱን እጠይቃለሁ። በሽታ ከሆነ ከቅጠል ቅጠል ይዘላል፤ አንዱን ይዞ አንዱን ይተዋል፣ ነጠብጣብ ይጥላል፣ ተለቅ ያለ ክብ ይሠራል። በሥር የገባ ጉዳት ግን አይዘልም። ከአሮጌው ቅጠል ይጀምርና ዳር ዳሩን በእኩል ያቃጥላል፣ እሳት ዳር ቆይቶ እንደተነሳ ወረቀት።

ይሄ ሐረግ ወደ ሽቦው በኩል ያለው ጎኑ አረንጓዴ ነው፣ አበባም ይዟል። ወደ ግድግዳው በኩል ያለው ጎኑ ዳር ዳሩ ተቃጥሎ ተንጠልጥሏል። ቅጠሉን ገለበጥኩ፤ ክሽክሽ የሚባለው ተባይ የለበትም፣ ዋግ የለበትም። ግንዱን በጥፍሬ ፋቅ አደረግሁት፤ ውስጡ እርጥብና አረንጓዴ ነው፣ አልበሰበሰም። እስከ መቼ ድረስ ደህና ነበር ብዬ ሳጅኗን ጠየቅኋት። ዝናቡ እስኪያቆም ድረስ አለች። ሌላ የሚጠየቅ አልቀረም። ዝናብ እያለ ሲያጥብለት የኖረው ነገር አሁን የሚያጥበው አጥቶ ሥሩን ያቃጥላል። በአንድ ጎን ያለውን ሥር ብቻ።

አዛዡ ቸኮለ። ካልዳነ ይነቀል፣ ግድግዳውም በዚያው ይለሰን አለ።

ከዚያ ብሎኬት ወዲያ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት አባባ ተቀምጠዋል። ሁሉንም እንደሚሰሙ አውቃለሁ። እውነቱን ብናገር ቀዳዳዋ በዚያው ሰዓት ትደፈናለች። ይሄን አሰብኩ። ይሄን ብቻ ቢሆን ያሰብኩት ዛሬ ይሄን ባልጻፍኩ። ቁልፉን ዞር ብዬ አየሁት። በዚያው ሰሞን የግቢውን ሣር መርጫ አዝሎ ሲረጭ የዋለ እሱ ነው።

«መድኃኒት ነክቶታል» አልኩ። «የአረም መድኃኒት።»

ሳጅኗ ፊቷን ወደ ቁልፉ አዞረች።

«እናቴ ትሙት፣ በዚህ በኩል አልረጨሁም» አለ። «በዚህ በኩል አልመጣሁም እኮ...»

አልጨረሰውም። ዓይኑ ወደ ታች ወረደ፣ ግድግዳው ሥር ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ አፉን ዘጋ። ፈራ አልኩ በሆዴ። ደስ አለኝ። የአረም መድኃኒት የነካው ተክል እንደዚያ አይሆንም፤ አዲሱ ቡቃያ ነው የሚጠማዘዘው፣ እንደ ተጠቀለለ ትል። ችግኝ ጣቢያ አንድ ክረምት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። እዚያ ግን የሠራ አልነበረም፤ የሚያውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለዚያም ነው ውሸቱ የከበደኝ፣ ኋላ ነው እንጂ ያኔ አልከበደኝም።

«ይድናል?» አለችኝ ሳጅኗ።

ይድናል፣ ብዙ ውሃ ይፈልጋል፣ ጠዋትና ማታ ሥሩ ላይ ይፍሰስ አልኩ። ይሄ እውነት ነው። መድኃኒቱን አልዋሸሁም፤ የዋሸሁት በሽታውን ነው።

«ያበላሸው ያጠጣ» አለ አዛዡ፣ ስንጥሩን ጥሎ ሄደ።

የጣቢያው ቧንቧ ያን ሰሞን አይመጣም። ውሃ የሚቀዳው ከታች፣ ከቁልቁለቱ ሥር ካለው ምንጭ ነው። ቁልፉ ጀሪካን ተሸክሞ ይወጣ ጀመር። በቀዳዳዋ የጫማው ጫፍ ይታየናል፣ ጀሪካኑ ሲቀመጥ ድም ይላል፣ ከዚያ ትንፋሹ ይሰማል፣ ከዚያ ውሃው። ክፍሉ ሠርግ ሆነ። ያደረግሁትን ነግሬያቸው ነበር፣ እንደ ጀብዱ። ካቦው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አብረውን ከታሰሩት ልጆች አንዱ ቀዳዳዋ ላይ አፉን ደቅኖ «በርታ ቁልፉ፣ አረሙንም አትርሳው፣ ጠምቶታል» አለው። ከውጭ ጀሪካኑ ተነስቶ ጫማው ራቀ። ያ ደግሞ የበለጠ አሳቀን።

አባባ አልሳቁም። እየሳቅን ሳለ በካፊኖኖ ጠየቁኝ፣ ሐረጉ የታመመው ምኑን ነው ብለው። መድኃኒት ነክቶት ነው አልኩ። «አሮጌው ቅጠል ነው ወይስ ቡቃያው?» አሉኝ።

ሰውየው ገበሬ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ጥላ ሥር የዋሉ ሰው ናቸው። እየጠየቁኝ ሳይሆን በር እየከፈቱልኝ ነበር። «ቡቃያው» አልኳቸው።

እጃቸውን በቀዳዳዋ ሰደዱና የደረሱባትን አንዲት ቅጠል ቀጠፉ። አሮጌ ቅጠል ናት፤ ዳር ዳሯ ተቃጥሏል። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አይዋት፣ ገልብጠው አይዋት። ከዚያ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቷት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ መጠጣት ተዉ። ድርሻቸውን አጠገባቸው ላለው ይሰጣሉ፣ ሻዩንም እንደዚሁ። ማታ ቀዳዳዋን ትተው እንደ ድሮው ሰው እየረገጡ፣ ይቅርታ እየጠየቁ፣ ባልዲው ጋ ይሄዳሉ። ከንፈራቸው ተሰነጠቀ። ቆጠራ ላይ ሲቆሙ ጉልበታቸው ይብረከረካል። ካቦው ለመናቸው፣ ልጆቹ ለመኑ። እኔም፣ አፌን ሞልቼ፣ ይጠጡ እንጂ አባባ፣ ራስዎን ሊገድሉ ነው አልኩ።

«የሰው ልጅ የእኔን ዕዳ ውሃ ይሸከማል» አሉኝ። «ምኑን ልጠጣ?»

እንግዲህ ያን ጊዜ ነበር መናገር የነበረብኝ። ለሳጅኗ ተሳስቻለሁ ማለት ይበቃ ነበር። ሳስበው ደግሞ ቀዳዳዋ ትደፈናለች አልኩ፤ ስለ እሳቸው እንጂ ስለ እኔ አይደለም አልኩ። ሰው ራሱን ሲያታልል ሁልጊዜ የሌላ ሰው ስም ነው የሚጠራው። እውነቱ፣ ቁልፉ ጀሪካን ተሸክሞ ሲያለከልክ መስማት አልጠገብኩም ነበር። ሁለተኛውም እውነት፣ ባለሙያ የተባልኩበት ቦታ ላይ ውሸታም መባል ፈራሁ።

አንድ ጠዋት ለቆጠራ ግቢ ወጥተን ተሰልፈናል። ሳጅኗ ትቆጥራለች፤ አዛዡ በረንዳው ላይ ነው። ቁልፉ በጓሮው በኩል ጀሪካን ተሸክሞ ብቅ አለ፤ ሸሚዙ በአንድ ጎን ረጥቧል። አባባ ከሰልፉ ወጡ። ማንም ከሰልፍ አይወጣም። ጋቢያቸውን አስተካከሉና ሳጅኗ ፊት ቆሙ።

«ልጄ» አሉ። «ሐረግሽን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። አርጅቻለሁ፣ ማታ ሽንቴን አልችልም። በግድግዳው ቀዳዳ ነው የማፈሰው። ይሄ ልጅ የለበትም። ውሃውን ያስቀምጥ።»

ሰልፉ ውስጥ ከአገራቸው የመጡ፣ አባት የሚሏቸው ልጆች አሉ። ሳጅኗ የልጃቸው ታናሽ ብትሆን ነው። አንድ የካፋ ሽማግሌ ያንን ቃል በእነዚያ ሁሉ ፊት፣ በሴት ልጅ ፊት፣ ከአፉ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል። ፖሊሶቹ ደብድበዋቸው እንኳ የሸሹትን ወጣቶች አላወጡም። ይሄን ግን ማንም ሳይጠይቃቸው አወጡ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። እግራቸው ነው የተንቀጠቀጠው፣ እሱም በጥማት።

አዛዡ ሳቀ። ሌላ የሳቀ የለም። ሳቁ ብቻውን ቀረና ተወው። «አትክልተኛው መድኃኒት ነው አላለም?» አለ።

አባባ ወደ እኔ አላዩም። «እሱ የሚያውቀው ቅጠል ነው» አሉ። «የሽማግሌን ነገር ከየት ያውቃል?»

ያችን በር ሦስተኛ ጊዜ ነው የከፈቱልኝ፣ ወይም የዘጉልኝ፣ እስካሁን አልለየሁትም። ከአፌ አንድ ቃል ቢወጣ ይበቃ ነበር፣ «አውቃለሁ» የሚል። አልወጣም። ስብሰባ ላይ ለሳቅ የሚከፈት አፍ።

ሳጅኗ አንገቷን ደፋች። «አባባ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለች። ከዚያ ለቁልፉ፣ የያዘውን ውሃ ለእሳቸው እንዲሰጣቸው ነገረችው። ጀሪካኑን አዘንብሎ በጣሳ ቀዳላቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጠጡ፣ ጨርሰው ጣሳውን መለሱለት፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው አመሰገኑት። እሱም ዝቅ አለ። ዘለላው ወገቡ ላይ ነበር፣ ሲያጎነብስ ተንቀጫቀጨ።

ቀዳዳዋ በዚያው ቀን በሲሚንቶ ተደፈነች። አረንጓዴው ብርሃን ቀረ። ሐረጉ ግን ዳነ አሉ፤ እኔ አላየሁትም።

አባባ በባልዲው ሲሰቃዩ እናያለን ብለን ነበር። ቁልፉ ተረኛ በሆነ ማታ ግን በሩ ይከፈት ጀመር። ማንም አላዘዘውም፤ አዛዡ ቢያውቅ የሚጠየቀው እሱ ነው። አባባን ክንዳቸውን ይዞ ወደ ውጭ ያወጣቸውና መልሶ ያስገባቸዋል። በሩ ሲከፈት ድምፅ አልነበረውም። አንድ ጊዜ ዓይኔን ገልጬ አየሁት፤ ዘለላውን እንዳይንቀጫቀጭ በጡጫው ጨምቆ ይዞታል። ዓይኔን መልሼ ጨፈንኩ።

እኔን ከአባባ በፊት ለቀቁኝ። ስወጣ ሳምኳቸው፣ ሳሙኝ፣ ልጆችህን ሳምልኝ አሉ፣ ሌላ የለም። ከተፈቱ በኋላ ደካ ድረስ ሄጄ ልጠይቃቸው አስቤ ነበር። አንድ ቀን የሚሄድ መኪና አይጠፋም። ዛሬ ነገ ስል አንድ የደካ ሰው ቦንጋ ገበያ ላይ አርፈዋል ብሎ ነገረኝ። ለቅሶም አልደረስኩም። ምን ብዬ ነው የምደርሰው?

በቅርቡ ሺሺንዳ ገበያ ችግኝ ይዤ ወርጄ ነበር። አንድ ሰው ፌስታል ይዞ መጣና አጠገቤ ቁጢጥ አለ። «ጋሼ፣ እስቲ ይሄን እይልኝ» አለ። ፌስታሉ ውስጥ የጌሾ ቅጠል ነው፣ ዳር ዳሩ የተቃጠለ። ቅጠሉን ሳይሆን ድምፁን ነው ያወቅሁት። ቀና ብዬ አየሁት። ቁልፉ ነው። ወፍሯል። ፖሊስነቱን ትቶ እዚያው ሺሺንዳ ትንሽ ሱቅ ከፍቷል።

በቅጠል ብቻ አልናገርም አልኩት፤ ሥሩን ማየት አለብኝ። እሺ አለ፣ ግን አልተነሳም። እኔም አልተነሳሁም። ዓመታት ያዘልኩትን ነገር ለመጀመር አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ያኔ መጀመሪያ ያየኸው ግድግዳውን ነበር» አለ። «ቅጠሉን ያየኸው ከዚያ ነው።»

«አውቀህ ነበር?»

«ማታ ተረኛው እኔ አልነበርኩ? ጆሮ የለኝም?»

«ታዲያ ውሃውን ሁሉ...»

«ብናገር በዚያው ቀን ይደፍኑባቸው ነበር» አለ። ከዚያ ሱሪውን አራግፎ ተነሳ። «ጌሾው ቤት ነው፣ ቅርብ ነው።»

ችግኞቹን የገበያ ጎረቤቴ እንድታይልኝ ሰጥቼ ተከተልኩት። ጌሾው የጓሮ በሩ አጠገብ ነው። ራቅ ብዬ አየሁት፤ በበሩ በኩል ያለው ጎኑ ተቃጥሏል። ሚስቱን ጠየቅኋት። የልብስ እጣቢ በበሩ ትደፋለች፤ ሁሉም ሰው ይደፋል። ተንበርክኬ አፈሩን ጫርኩ፣ አሸተትኩ። ባለቤቲቱ ፊቴ ቆማለች፣ ጎረቤትም በአጥር ትሰማለች።

«እጣቢ ነው» አልኩ። «የእናንተው ሳሙና ነው ያቃጠለው። በሽታ የለበትም።»

ሴትዮዋ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ሳቀች። ይድናል ወይ አለችኝ። ይድናል፣ ብዙ ውሃ ይፈልጋል አልኳት።

እሱ ጀሪካኑን ሊያነሳ እጁን ሰደደ። ቀድሜ አነሳሁት።

«ተው እንጂ ጋሼ፣ ምንጩ ቁልቁል ነው» አለ።

«አውቃለሁ» አልኩት።